ሰርጉ ይለፍ

አዲስ አበባ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለወይዘሮ ሰሊማ
ሞርሲቶ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብሎ መጻፉ ራሱ አሳፈረኝ፤ ግን ለደብዳቤ ሌላ አጀማመር አላውቅም።

ደብዳቤዎና ቡላው ደርሰውኛል። አሕመዲን አየር ጤና መናኸሪያ ድረስ አስጠርቶኝ ከሾፌር ወንበሩ ሳይወርድ በመስኮት ሰጠኝ። «ሰሊማ ራሷ ናት የጻፈችው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ከልጅዎ ከሀምዛ ሞት ወዲህ ስልክ ጆሮዎ ላይ ማድረግ እንደተዉ ግን ነግሮኛል። ስለዚህ አልደውልም፤ እኔም እጽፋለሁ።

ስለ ሀምዛ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ቃል ያኔ ፊትዎ ቀርቤ ልናገረው የሚገባኝ ነበር። ለምን ለቅሶ እንዳልደረስኩ ጠይቀውኛል። በዚያ ሰሞን ትምህርት ክፍሉ የዶክትሬት ተማሪዎችን ለሴሚናር ጠርቶን ነበር። ቀጥሎ አመመኝ። ቀጥሎ ክረምቱ ገባ። እያንዳንዱ ምክንያት እውነት ነው፤ አንዱም ግን መልስ እንደማይሆን አውቃለሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ላጠና መጥቼ ዓመት ሙሉ ቤትዎ ተቀምጬ በላሁ፣ ጠጣሁ። የእርስዎ መርዶ ሲነገር ግን አልነበርኩም።

በስልኬ ለሀምዛ ስለላክነው ድምፅ የጠየቁኝን አንብቤዋለሁ። ያንን በአካል ስንገናኝ ብናወራው ይሻላል። ስልኩ ደህና ነው፤ ድምፁም አለ።

መመረቂያ ጽሑፌን አገባድጃለሁ፤ ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ ለጥር ተይዟል። ልጅዎ ጀሚላ እንዴት ናት? ላሟስ ደህና ናት?

አክባሪዎ
ኤልሳ ሽፈራው


ሞርሲቶ
ጥቅምት 21 ቀን 2018

ለልጄ ለኤልሳ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አባትሽና እናትሽ ዳምቦያ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንሰቱ ደህና ነው። ላሟም ወልዳለች፤ ስለ ላሟ መጠየቅ ትወጃለሽ።

ደብዳቤሽን ስከፍት የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ «አማ» እያልሽ፣ «አንቺ» እያልሽ ኖረሽ አሁን «የተከበሩ ወይዘሮ» ሆንኩልሽ። አማ በእኛ በሀዲያም በእናንተ በከምባታም እናት ናት ብለሽ ያን ስም የመረጥሽው ራስሽ ነሽ። ምን አጥፍቼ ነው ያከበርሽኝ? ጽሑፌን ማንበብ ከከበደሽ ንገሪኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፣ እጄም ደርቋል።

ያ ጠዋት እንዴት ነበር ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ድሮ ሁሉን ትጠይቂ ነበር። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ዒድ እንዳለፈ ነው። ላሟን ሳላልብ አሕመዲን ከሽማግሌዎች ጋር ገባ። ጀሚላን ከሆሳዕና ከባሏ ቤት «እናትሽን አሟታል» ብለው አምጥተዋታል። ቁጭ በሉ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ሀምዛን ደቡብ አፍሪካ ሱቁ ውስጥ ሌቦች ገብተው እንደገደሉት፣ ጓደኞቹም የዚያኑ ቀን እዚያው እንደቀበሩት ነገሩኝ። መቼ ነው አልኩ። አሕመዲን መሬት መሬት እያየ ከጀሚላ ሰርግ በፊት ነው አለ። «ሰርጉ ይለፍ ብለን ነው። ሰርጉ ሲያልፍ ረመዳን ገባ፤ ጾሙም ይለፍ አልን» አለ። የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ነው፤ በቤቱ ነገር መወሰን ይችላል። አልሰደብኩትም።

ጀሚላ ግን ወደቀች። «ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ጨፈርኩ» ትላለች እስከ ዛሬ። ነፍሰ ጡር ናት፤ እህል እምቢ ብሏታል። ለመጣው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነው። «እኔም አማም አናውቅም ነበር፤ ሁለታችንንም አታለሉን» ትላለች። እሱን ስትል ትንሽ ይቀላታል። እኔም አዎ እላታለሁ። አሕመዲንን አታናግረውም።

አሕመዲን ቤት ማን ማን ተቀምጦ እንደመከረ አልጠይቅሽም። የጠየቅሁሽ ስለ ድምፄ ነው። ማን ሰማው? ለአስተርጓሚ ሰጥተሻል ወይ? ይህንን በአካል ሳይሆን አሁን መልሺልኝ።

ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በእኛ አገር ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። ከደጅ ጀምሮ እያለቀሰ ይገባል፤ ዓመት ቢያልፈውም ማንም አይስቅበትም። ሼኩ ጩኸት አይወዱም፤ ቀስ ብለሽ ታለቅሻለሽ።

እናትሽ ሰሊማ


አዲስ አበባ
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ሰሊማ

ለጤናዎ እንደምን አሉ? «አንቺ» ብዬ ልጀምር ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ ሲያነቡ ያውቁታል።

ድምፅዎን ማንም አልሰማውም። ለአስተርጓሚም አልሰጠሁትም። የሌሎቹን ሰዎች ቅጂ ሁሉ ሀዲይኛ የሚያውቅ ልጅ ተርጉሞልኛል፤ የእርስዎ ግን ከስልኬ አልወጣም። እኔም እንደሚያውቁት በከምባትኛ ነው አፌን የፈታሁት፤ ከእርስዎ ሀዲይኛ ሰላምታውን ብቻ ነው የምለየው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከፍቼም አላውቅም።

አሕመዲን ቤት ማን እንደተቀመጠ አልጠይቅም ብለዋል። እኔ ነበርኩ። ጥር መጨረሻ ላይ አስጠራኝ። ሽማግሌዎቹ «ይቺ ልጅ መርዶ ነው የምታጠናው፤ ትቀመጥ፣ ትስማ» አሉ። ሰርጉ ሲደርስ፣ ረመዳን ሲገባ ለእኔ ብለው በአማርኛ ሲመክሩ ሁሉ ጥግ ይዤ እጽፍ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ቤትዎ እመጣለሁ። እርስዎ እራት አቅርበው ይጠብቁኛል።

ዓርብ ዓርብ ለሀምዛ ድምፅ ሲልኩ ስልኩን አፍዎ ሥር የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወር በኋላ የላክነው አንዱም አልተከፈተም፤ እስከ ዛሬ በቴሌግራም አንድ ምልክት ብቻ አለው። አንድ ዓርብ «መለሰ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «ደህና ነኝ ብሏል፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩ። ይህን ማንም በይ አላለኝም። አሕመዲን እንኳ ዝም በይ ነበር ያለኝ። ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የመመረቂያ ጽሑፌ አምስተኛው ምዕራፍ ስለ እርስዎ ቤት ነው። ስሞቹን ቀይሬአለሁ። አማካሪዬ ዶክተር ኃይሉ አንብበው «ዶክትሬቱ ይኸው ምዕራፍ ነው» አሉ። ለሞተ ልጅ የተላከ የእናት ድምፅ መኖሩን ሲሰሙ ደግሞ ተተርጉሞ እንዲገባ ጠየቁኝ። ለምዕራፉም ለድምፁም የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ከተስማሙ ከታች ይፈርሙበት፤ አሕመዲን በመጣ ጊዜ ይላኩልኝ።

ኤልሳ


ሞርሲቶ
ኅዳር 11 ቀን 2018

ለኤልሳ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ይቅር ብያለሁ ልልሽ ነበር፤ ከሥሩ ወረቀት ሲወጣ ተውኩት። የትኛውን ልመልስ? ይቅርታ የለመንሽኝ ለዚያ ለዋሸሽኝ ነው ወይስ ለፊርማው?

ወረቀትሽን መልሼ ልኬዋለሁ። ድምፄን ለማንም አትስጪ። በአላህ ይዤሻለሁ።

ዛሬ ቡላ አልላክሁም።

ሰሊማ


አዲስ አበባ
ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእርስዎ ለወይዘሮ ሰሊማ

በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ ወረቀት የለም። ከመክፈትዎ በፊት እጅዎ ላይ እንዲመዝኑት ቀጭን አድርጌ ነው ያሸግሁት።

ዶክተር ኃይሉን አነጋገርኳቸው፤ ምዕራፉን አውጥቼዋለሁ። ተቆጡ። «የሦስት ዓመት ሥራ በአንድ ደብዳቤ ይጣላል?» አሉኝ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ለእኔ አስበው ነው፤ ምዕራፉ ከወጣ የቀረው ጽሑፍ ለዶክትሬት እንደማይበቃ ነገሩኝ፤ ዲፌንሱም ሊተላለፍ ይችላል። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ጠይቀውኛልና ነው። «ምዕራፉ ከወጣ ምን ይደርስብሻል?» ብለው በአሕመዲን ቃል ልከዋል፤ እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን ግን በቃልም ቢሆን መመለስ አቅቶኝ ነበር። ያን ቀን አሕመዲን ቤት ምን ተሰማሽ ብለዋል። እውነቱን ልጻፈው። ዓመት ሙሉ ሞርሲቶ ተቀምጬ አንድም መርዶ ከመጀመሪያው አላገኘሁም ነበር። ሁልጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር የምደርስ። ገንዘቡ እያለቀ፣ ጊዜው እየሄደ ነበር። ሽማግሌው «ሀምዛ ሞቷል» ሲል መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። በልቤ «አገኘሁ» ነው ያልኩ። ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎ ፊት የመጣብኝ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ ልቀይረው አልችልም።

ከዒድ በፊት ሴሚናር አለ ብዬ የሄድኩት ለዚህ ነው። ሴሚናሩ ከዒድ በኋላ ነበር። ያን ጠዋት እርስዎ ሲያለቅሱ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ራሴን አስቀድሜ በሐሳቤ አየሁት፤ እንደምጽፍ እርግጠኛ ነበርኩ። ሸሸሁ። ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁት ስላላዘንኩ አይደለም። እዚያ ተገኝቼ ማዘን ብቻ እንደማይበቃኝ ስለፈራሁ ነው።

ለጀሚላ ሁለት የሕፃን ልብስ በአሕመዲን እጅ ልኬአለሁ። ከእኔ መሆኑን ካልፈለጉ አይንገሯት።

ኤልሳ


ሞርሲቶ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2018

ለልጄ ለኤልሳ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ልብሱን ጀሚላ ወዳዋለች። ቢጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ አየችው። ከአንቺ ነው ብያታለሁ፤ እኔ አሁን ሌላ የምደብቀው ስላለኝ በትንሹ አልደብቅም።

ይህን ደብዳቤ በፕላስተር ያሸግሁት አሕመዲን እንዳይከፍተው ነው። አንብበሽ አቃጥዪው።

አንቺ ስለ ራስሽ ጽፈሻል። እኔም ስለ ራሴ እጽፋለሁ። ቤቴ ስትኖሪ ስለ ሀምዛ ሳትጠይቂኝ ቁርስ አትበዪም ነበር። በልጅነቱ ምን ይወድ ነበር፣ በየትኛው ትምህርት ቤት ተማረ፣ ሲሄድ ምን አለኝ፣ ሱቁ ምን ምን ይሸጣል። አንዳንዴ ታሰለቺኝ ነበር፤ ግን ልጄ በስም እየተነሣ ይውል ስለነበር ደስ ይለኛል። አንድ ቀን አሕመዲን ጋ ሄደሽ መጣሽ። በማግስቱ ስለ ላሟ ጠየቅሽኝ። በሦስተኛውም ቀን ስለ ላሟ ጠየቅሽኝ። ከዚያ በኋላ የሀምዛን ስም ከአፍሽ አልሰማሁትም። አሕመዲን ውሸት ይችላል፤ ሹፌር ነው፣ ስንቱን ትራፊክ አሳልፏል። ኔትወርክ የለም፣ ሱቁን ወደ ገጠር ወስዶታል እያለ ጥሩ አድርጎ ዋሸ። አንቺ ግን ላሟን ስትጠይቂኝ እኔ መርዶዬን ሰማሁ። ሳምንት አልቆየሁም፤ ሳትነግሪኝ አወቅሁ።

አዎ፣ ሰርጉ ላይ እልል ስል አውቄ ነው።

የጀሚላ ሰርግ አባቷ ሲሞት አንዴ ፈርሷል። እጮኛዋ ታግሦ ጠበቃት። አሁን ብጮህ ሁለተኛ ይፈርሳል። ሽማግሌዎቹ ሰርጉ ይለፍ አሉ፤ እኔም ብቻዬን ሰርጉ ይለፍ አልኩ። ተነሥቼ እልል አልኩ፤ ሦስት ጊዜ አልኩ። ሰው ሁሉ ሰሊማ ዛሬ ልጅ ሆነች አለ። ልጁ ሞቶ እልል ያለ እናት ሌላ ታውቂ እንደሆነ አንቺ ብዙ አንብበሻል፤ እኔ አላውቅም። ሀምዛ ይህን ይቅር ይለኛል ወይ ብዬ ሌት ተቀን እጠይቃለሁ።

ዓርብ ዓርብ ስልክሽን አፌ ሥር ስትይዢልኝ በሀዲይኛ የተናገርኩት ሰላምታ አይደለም። ለቅሶዬ ነው። እናት ለልጇ የምትለውን ሁሉ ድምፄን ሳላነሣ፣ ፊቴን ሳልቀይር አልኩት። ይቺ ልጅ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም አንነጋገርም አልኩት። ሌላ የት ላልቅስ? ቤቱ በሰርግ ዘመድ ተሞልቷል። አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ፈገግ ትዪ ነበር። መለሰ ወይ ብዬ የጠየቅሁሽ ልፈትንሽ ነው። ደህና ነኝ ብሏል ስትዪኝ ፊትሽን አይቼ አዘንኩልሽ። ያኔ ይቅር ብዬሻለሁ፤ የተቆጣሁት በወረቀቱ ነው።

ዒድ አልፎ ሲነግሩኝ ጮኼ አለቀስኩ። ያ ለሰው ነው። የእኔ ለቅሶ አንቺ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። አታጥፊው።

አሁን የምለምንሽ ይህ ነው። ምዕራፍሽን መልሺው። ወረቀቱን መልሰሽ ላኪው፣ እፈርማለሁ። አሕመዲን እንደዋሸ፣ ሽማግሌዎች እንደዋሹ፣ አንቺም እንደዋሸሽ ጻፊ። እኔ ግን የሰማሁት ያን ጠዋት ነው። ጀሚላ ማንበብ ትችላለች። «አማም አታውቅም ነበር» የሚለው ብቻ ነው ያቆማት። እሱን ከወሰድሽባት ያ ልጅ በሆዷ እንዳለ ምን እንደምትሆን አላውቅም።

እናትሽ ሰሊማ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

አማ

ደብዳቤሽን አቃጥዬዋለሁ። የዶርም ጠባቂው ጭስ ሸቶት መጥቶ ተቆጣኝ፤ ወረቀት ነው አልኩት።

ድምፁን አላዳመጥኩትም። ሀዲይኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ ልስማው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩ። ከዚያ ለእኔ አልተላከም አልኩና ተውኩት። ከስልኩ ወደ ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም።

ከማቃጠሌ በፊት ስለ ላሟ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምስጢር ጠበቅሁ ብዬ ነበር። ለካ መርዶ ነጋሪሽ እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ወር ከምናምን ሲመክሩበት የነበረውን እኔ ቁርስ ላይ ጨርሼዋለሁ። ሐዘንሽን ብቻሽን እንድትሸከሚ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እሱን ባውቅ አብሬሽ እሸከመው ነበር።

ምዕራፉን መልሻለሁ፤ ዶክተር ኃይሉ ደስ ብሏቸዋል። ድምፁን አላስገባሁም፤ እናቲቱ ከለከሉ አልኳቸው፣ ተቀበሉ። ግን አማ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሜአለሁ። «እናቲቱ ያን ጠዋት ነው የሰሙት» ብዬ ልጽፍ ተቀምጬ አልቻልኩም። የምጽፈው ሰዎች ሞትን እንዴት እንደሚደብቁ ነው፤ ራሴ ደብቄ እንዴት ልጻፍ? እውነቱንም አልጽፍም፤ በጀሚላ አላደርገውም። ስለዚህ መቼ እንዳወቅሽ ሳልጠቅስ አልፌዋለሁ። ማንም ካልጠየቀኝ አልዋሽም። ይህ ፍርሃት እንደሆነ ይገባኛል፤ ለጊዜው ያገኘሁት መንገድ ግን ይኸው ነው።

ቅጹን ልኬአለሁ። ድምፁን የሚመለከተውን መስመር በእስክርቢቶ ሰርዤዋለሁ።

ልጅሽ ኤልሳ


ሞርሲቶ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2018

ለልጄ ለኤልሳ

ወረቀቱን ፈርሜአለሁ። ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቷል፤ እንደ ፊደሌ ነው። ቡላና ቅቤ ልኬአለሁ፤ ቡላውን ከምባታ ስለሆንሽ አሠራሩን አልነግርሽም፤ ከእኛ የተሻለ እንሠራለን ትላላችሁ።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር አለ። ጀሚላ ለዲፌንሱ አዲስ አበባ እሄዳለሁ ብላለች። ሰው ሁሉ መግባት ይችላል ብለው የነገሯት የጤና ጣቢያ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። «ስለ ወንድሜ ሲነገር ቁጭ ብዬ ልሰማ» ትላለች። ሆድሽ ገፍቷል፣ መንገዱ ያንገላታሻል ብያት ነበር። በአሕመዲን መኪና እሄዳለሁ አለችኝ። ከመርዶው ወዲህ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንዴት ልከልክላት?

አንቺ ብልህ ነሽ፤ የምትዪውን ታውቂያለሽ። እኔ ዱዓ አደርጋለሁ።

አማ


አዲስ አበባ
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

አማ

ትናንት አለፈ። ጀሚላ ከመድረሷ በፊት ይህ እንዲደርስሽ በማለዳው መኪና ለሚሄድ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ እሷና አሕመዲን እዚህ አድረው ነገ ይነሣሉ።

አዳራሹ እስከ ግማሽ ሞልቶ ነበር። ጀሚላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አሕመዲን ከአጠገቧ አንድ ወንበር ክፍት ትቶ ተቀመጠ፤ ኮት ለብሷል፣ ለሰርጓ የለበሰውን። ስናገር ወደ እነሱ ላለማየት ከጀርባ ያለውን ግድግዳ እያየሁ ነበር። ስለ ሽማግሌዎቹ ምክር ተናገርኩ። በራሴ አፍ የዋሸሁትንም ተናገርኩ። ጀሚላ አቀረቀረች፤ አሕመዲንም አቀረቀረ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ፈታኝ ነበሩ፣ ትልቅ ሴት፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። መነጽራቸውን አውልቀው «በዚህ ምዕራፍ አንድ ክፍተት አለ» አሉ። «ሁሉም መቼ እንዳወቀ ጽፈሻል። እናቲቱ መቼ እንዳወቁ የለም። አንቺ እዚያ ቤት ውስጥ ነበርሽ። ያን ያህል ጊዜ ሰው ሁሉ ሲያስመስል እናት ምንም አልጠረጠረችም ማለት ለእኔ ይከብደኛል። መቼ ነው ያወቁት?»

ዶክተር ኃይሉ ወደ እኔ ዞሩ። ጀሚላ ቀና አለች። አማ፣ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗን ያየሁት ያኔ ነው፤ አፏን ከፈት አድርጋ መልሴን ትጠብቃለች። ያንቺ ዓይን ነው ያላት።

«ያን ጠዋት ነው የሰሙት» አልኩ። «ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው አዩኝ። እናት ይሆናሉ ብዬ አሰብኩ። ወረቀታቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉና «ይህ በማስረጃ ይጠናከር» ብለው አለፉ። ምንም ማስረጃ እንደማላቀርብ ያወቁብኝ ይመስለኛል። አልፌአለሁ፤ ከነማስተካከያው። ሰዎች ዶክተር እያሉ ጨበጡኝ። ሽማግሌዎቹ ሰርጉ ይለፍ ሲሉ ጥግ ይዤ የጻፍኳቸው እኔ፣ አሁን ከእነሱ አንዷ ሆንኩ። በሙያዬ ትልቁን ጥፋት በሙያዬ ትልቁ ቀን ሠራሁ። ይቆጨኛል፤ ደግሞ ነገ ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ። ሁለቱም አብረው አሉ።

ጀሚላ በረንዳ ላይ ጠበቀችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ሆዷ እየከለከላት በጎን አቀፈችኝና አለቀሰች። «ያቺ ሴትዮ ስትጠይቅሽ ልቤ ቆሞ ነበር» አለችኝ። «አንዳንዴ አማ ታውቅ ይሆን እላለሁ። ባወቀች ኖሮ ያ እልልታ ምን ይሆን ነበር? ከሰርጌ የተረፈኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ሳስበው ያመኛል፤ እናቴ ከልቧ እልል ያለችልኝን ግን እይዘዋለሁ» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አሕመዲንን «ና እንጂ፣ ምን እዚያ ትቆማለህ» አለችው።

ቡላሽን አብረን በላን።

ዓርብ እመጣለሁ፣ ጀሚላ ሆሳዕና ሥራ የምትገባበት ቀን ነውና። ስልኩን ይዤ ነው የምመጣው። ከደጅሽ ጀምሬ ቀስ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ሼኩን አላስቆጣም። አንቺም እስካሁን የቆየውን ታለቅሻለሽ፤ ደብተር አልይዝም። ስንጨርስ ቁርስ አቅርቢልኝ። ስለ ላሟ አልጠይቅሽም። ስለ ሀምዛ እጠይቅሻለሁ።

ልጅሽ ኤልሳ